ጅማ፣ «1928»፦ ይህች ብረት ለበስ ምንድን ናት? ቀኝና ግራዋስ ልክ ነው?

ሄርማታ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ከአንድ የቤተሰብ አልበም የተገኘች 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። መንገድ ዳር የቆመች ቁመተ አጭር ብረት ለበስ ናት። ሰንሰለት አላት፣ የሚዞር ማማ (ቱሬት) ግን የላትም። አጠገቧ ከቆሙት ሦስት ሰዎች ደረት አትዘልም። ከፊቷ ሁለት የመትረየስ አፈሙዞች ጎን ለጎን ወጥተዋል። ከኋላዋ አፍንጫው የረዘመ የጭነት መኪና ቆሟል። ይህችው ፎቶ በቴሌግራም «አርበኞች በ1928 ጅማ ላይ የማረኩት ታንክ» እየተባለች ትዞራለች፤ አንዱ ደግሞ በኮምፒውተር ቀለም ቀብቶ አረንጓዴ አድርጓታል። የዋናዋ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የሮማውያን ቁጥር አለ፤ ፎቶዋ ከአልበሙ ጥቁር ካርቶን ጋር ስለተጣበቀች ግን ከተላቀቀው ጥግ በኩል ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ዓይነቷ ምንድን ነው? ዓመቱስ ልክ ነው?

ብሎን ፈቺ
«ታንክ» ማለት ለእሷ ሹመት ነው። ሲ ቪ ናት፣ የጣሊያን ካሮ ቬሎቼ («ፈጣን ታንክ»)። ካርደን ሎይድ 6 ከምትባለው የእንግሊዞች ትንሽ ብረት ለበስ ተነስተው የሠሯት ናት፤ 33 እና 35 የሚባሉ ሁለት ዋና ዓይነቶች አሏት። ከ1938 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤል 3 ተብላለች። ክብደቷ 3.2 ቶን ገደማ፣ ቁመቷ 1.3 ሜትር ያህል፣ ሠራተኞቿ ሁለት፣ ሞተሯ 43 የፈረስ ጉልበት። «ከደረት አትዘልም» ያልከው ከቁመቷ ጋር ልክ ይገጥማል።

አሁን 33 ናት ወይስ 35 ለሚለው፣ የመትረየሱ ብዛት ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያዎቹ 33ዎች አንድ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ብቻ ነበራቸው፤ በኋላ የመጡት 33ዎችም 35ቶቹም ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። ስለዚህ ሁለት አፈሙዝ ማየትህ የመጀመሪያውን ምድብ ብቻ ነው የሚያስወጣልህ። የሚለየው የላሜራው መጋጠሚያ ነው። 33 ላይ ክብ የሪቬት (ተቀጥቅጦ የሚያያዝ ምስማር) ጭንቅላትና ብየዳ ታያለህ፣ 35 ላይ ባለ ማዕዘን ብሎን። ቴሌግራም በጨመቀው ፎቶ ላይ ሁለቱም ነጠብጣብ ሆነው ስለሚታዩ ከዚያ ተነስቶ መፍረድ አይቻልም። ዋናውን ስካን አድርገህ አምጣ።

ጅሬን ማዶ
እኔ ግን የሩሲያ አየር ወለድ ናት ባይ ነኝ። ኤ ኤስ ዩ 57። በኦጋዴን ጦርነት ፎቶዎች ላይ ልክ እንደዚህች ቱሬት የሌላት ትንሽዬ አለች።

ሳጅን
ጅሬን፣ መምታታቱ አያስገርምም፤ ክብደታቸው እንኳ ተቀራራቢ ነው፣ ኤ ኤስ ዩ 57 3.35 ቶን ናት። ኤም አይ 6 ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ ከካራማራ ተራሮች ማዶ ያወረዳት እሷን ነው፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጦር መልሳ ስትያዝ ማለት ነው። ግን ሦስት ነገር ተመልከት። አንደኛ መሣሪያዋ አንድ ረጅም የ57 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው፣ ጫፉ ላይ የጋዝ መክፈያ አለው። ሁለተኛ ላይዋ ክፍት ነው። ሦስተኛ በእያንዳንዱ ጎን አራት ተለቅ ያሉ የመንገድ ጎማዎች ብቻ አሏት። ሲ ቪ ግን በጥቃቅን ጎማዎች ነው የምትሄደው፤ በሦስት በሦስት የተቧደኑ ናቸው። መሣሪያው በሣር ወይም በሸራ ቢሸፈን እንኳ ጎማ መቁጠር ያድናል። ያልታወቀ ብረት ለበስ ፎቶ ሲገጥማችሁ ከታች ጀምሩ፤ ላዩን ወታደር ይቀይረዋል፣ እግሩን ፋብሪካ ብቻ ነው የሚቀይረው።

ቡና ተራ
ኋላ ያለው መኪና ኤንትሬ አይደለም እንዴ? ኤንትሬ ከሆነ ከጣሊያን በኋላ ነው የመጣው፣ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ብሎን ፈቺ
ኤንትሬ ፊያት 682 ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሾፌሩ ሞተሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሄርማታ «አፍንጫው የረዘመ» ብሎናል። በዚያ ዘመን አፍንጫ ያለው ከባድ የጣሊያን ናፍጣ ከተባለ መጀመሪያ የሚታሰበው ፊያት 634 ነው፣ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት። «ላንቻ 3 ሮ» የሚባለውም አፍንጫ አለው፤ እሱ ግን ከ1938 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው የመጣው። ላንቻ ሆኖ ከተገኘ «1928 ዓ.ም.» የሚለው እዚያው ላይ ያበቃል። የራዲያተሩን ፊት አጉልተህ አሳየን።

በነገራችን ላይ ትሬንታ ኳትሮ ላይ ላሜራ ገጥመው ብረት ለበስ ያደረጓቸውም ነበሩ። ከ1940 እ.ኤ.አ. በኋላ እንግሊዝ የባሕሩን መንገድ ስለዘጋባቸው ምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት ጣሊያኖች በየጋራዡ ያገኙትን ይቀጥሉ ነበር። «ምንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ተሽከርካሪ» ተብለው ከሚለጠፉት ፎቶዎች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ከፋብሪካ ስላልወጡ ሁለት የሚመሳሰሉ አታገኝም።

ጨለማ ክፍል
የመኪናው ዓይነት ላይ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ። የጭነት መኪናው መሪ በየት በኩል ነው? መትረየሶቹስ? ግራና ቀኝ የምለው ውስጥ በተቀመጠው ሾፌር ዓይን ነው፣ በእኛ በተመልካቾቹ አይደለም።

ሄርማታ
የጭነት መኪናው መሪ በግራ ይመስላል፣ ሾፌሩ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። መትረየሶቹ በብረት ለበሷ ቀኝ በኩል ናቸው።

ጨለማ ክፍል
እንግዲያው ፎቶው ተገልብጦ ነው የታተመው። ሲ ቪ ላይ ተኳሹ በግራ፣ ሾፌሩ በቀኝ ነው የሚቀመጡት፤ መትረየሱ ሁልጊዜ በግራ ነው። የዘመኑ ከባድ የጣሊያን ጭነት መኪናዎች ደግሞ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ጋ ነው፣ መሪያቸው በቀኝ ነበር። ብዙዎች መሪ በቀኝ ሲያዩ «ፎቶው ተገልብጧል» ብለው ትክክለኛውን ያበላሹታል። ያንተ ላይ ሁለቱም ምልክቶች ባንድ ላይ ተገልብጠዋል፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር።

መንስኤው ቀላል ነው። 6 በ9 ያህል ትንሽ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው ኔጋቲቩን ከወረቀቱ ጋር አጋጥሞ በማብራት ነው፣ ሳይጎላ። የኔጋቲቩ ደብዛዛ ገጽ (ጄላቲኑ ያለበት) ከወረቀቱ ጋር መነካካት አለበት። አታሚው አንጸባራቂውን ገጽ ወደ ወረቀቱ ካዞረው ቀኝ ግራ ይሆናል። ምስሉም በመጠኑ ይለሰልሳል፣ ምክንያቱም በምስሉና በወረቀቱ መካከል የኔጋቲቩ ውፍረት ይገባል። ኔጋቲቩ መስታወት ከሆነ ልስላሴው በዓይን ይታያል።

ማረጋገጫ ከፈለግህ፦ ሰሌዳ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የጠመንጃ ጉጠት (የሚሳበው እጀታ በቀኝ መሆን አለበት)፣ የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ።

ሳጅን
የመትረየሱ ቦታ ለፎቶ መለያ ብቻ አይደለም፣ የጦርነቱም ታሪክ እሱ ላይ ነው። ቱሬት ስለሌላት መትረየሱ ግራና ቀኝ የሚዞረው ባጠቃላይ 24 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከጎኗና ከኋላዋ ዓይነ ስውር ናት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና ማለፊያ ላይ የራስ እምሩ ጦር የሲ ቪዎችን ጓድ የደመሰሰው በዚሁ ምክንያት ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ዳርና ዳሩ ገደል፤ ፊተኛዋ ስትቆም ኋለኞቹ መዞሪያ አጡ፣ ሰዉ ከኋላ ቀርቦ ላያቸው ላይ ወጣ። ድንጋያማ መሬት ላይ ደግሞ በሰንሰለቱና በጎማው መካከል ድንጋይ ሲገባ ሰንሰለቱ ይወልቃል። አንዴ ከወለቀ በተኩስ ሥር ወጥቶ የሚመልሰው የለም፤ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሌላ አንድ ዓይነት አለች፣ ነበልባል ተፊዋ። 500 ሊትር ነዳጅ የያዘ ተጎታች ከኋላዋ ታስራለች። ፎቶ ላይ ተጎታች ካያችሁ «የውኃ ጋሪ» ብላችሁ አትለፉት።

የታሪክ ጓዳ
ብረቱን ለእናንተ ትቼ ወደ ዓመቱ ልምጣ። እንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ላይ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይጋጫሉ።

«1928» የእኛ ከሆነ ወረራው የተጀመረበት ነው፦ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.። የውጭ ሰው ግን «1928»ን እንዳለ ወስዶ ከጦርነቱ ሰባት ዓመት በፊት ያደርገዋል። ብዙ የኢንተርኔት መግለጫ የተበላሸው በዚህ ነው። ሦስተኛው የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከሮማው ሰልፍ፣ ከኦክቶበር 1922 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል፣ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል፣ አዲስ ዓመቱ ኦክቶበር 29 ይገባል። 14ኛው ዓመት ከጥቅምት 18 ቀን 1928 እስከ ጥቅምት 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። 19ኛው ከጥቅምት 19 ቀን 1933 እስከ ጥቅምት 18 ቀን 1934 ዓ.ም.።

አሁን ጅማን አስገቡበት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ራስ እምሩ ከዚያ በኋላ በምዕራብ በኩል ሲዋጉ ቆይተው ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን የሰጡት ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ነው። በ1928 ጅማ ላይ የጣሊያን ሲ ቪ በሰላም መንገድ ዳር ቆማ ፎቶ መነሳቷ አይዋጥልኝም። ሄርማታ፣ ጀርባው ላይ የሚታየው የቁጥሩ ጫፍ ምን ይመስላል?

ሄርማታ
የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች ናቸው የሚታዩት፦ አንድ ቋሚ መስመር፣ ከዚያ መስቀለኛ።

የታሪክ ጓዳ
ቋሚ መስመርና መስቀለኛ ሲቀጣጠሉ ዘጠኝ ነው። ከፊቱ ሌላ መስቀለኛ ካለ 19 ይሆናል። 14 ቢሆን መጨረሻው መስቀለኛ ሳይሆን ሹል ታች ያለው ምልክት ነበር። ከካርቶኑ ማላቀቅ የግድ ነው።

ጨለማ ክፍል
ቆይ፣ አትጎትት! ውኃም እንዳይነካው። ጅማ ውስጥ ክረምቱን አልበም ውስጥ የከረመ ፎቶ ጄላቲኑ እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ሻጋታ ካለበት ደግሞ ሻጋታው ጄላቲኑን በልቶት በውኃ የሚሟሟ ያደርገዋል። ሰው «በለብታ ውኃ ነክረው» ይልሃል፣ ከዚያ ምስሉ ተንሳፍፎ ወረቀቱ ብቻ ይቀራል።

መጀመሪያ ከነካርቶኑ ስካን አድርግ። ቢበላሽ እንኳ ፊቱ ቀረልህ። ከዚያ አልበሙን ከሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ጋር በሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆየው፤ ጄሉ ፎቶውን አይንካ። ሻጋታው ሲደርቅና ዱቄት ሲሆን ለስላሳ ብሩሽ ወስደህ ከመሐል ወደ ውጭ ጥረገው። እርጥብ እያለ ከጠረግከው ጄላቲኑ ውስጥ ትለቀልቀዋለህ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ፣ ሥራውን ከቤት ውጭ ሥራው።

ማላቀቂያው ሰም ያልተቀባ የጥርስ ክር ነው። በተላቀቀው ጥግ በኩል አስገብተህ በሁለት እጅህ ይዘህ ቀስ እያልክ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳበው። ክሩ ወደ ካርቶኑ ይጫን፣ ወደ ፎቶው አይደለም። መቀደድ ካለበት ካርቶኑ ይቀደድ። ሙጫው ጥግና ጥጉ ላይ ብቻ ከሆነ ይለቃል። ሙሉ ጀርባው ከተለጠፈ ክሩ አይሄድም፤ እዚያ ላይ አቁም፣ ለባለሙያ ይተው። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ያላችሁ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት፣ በመስታወቱ በኩል ስካን አድርጉና እዚያው ይቆይ።

ቡና ተራ
ስካኑ በስንት ይሁን? ስልክ አይበቃም?

ጨለማ ክፍል
ለ6 በ9 በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ)። 2835 በ4252 ፒክስል ይወጣል፣ 12 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ። በኔጋቲቩ ልክ የታተመ ፎቶ በዓይን የማይታይ ዝርዝር ስለሚይዝ ይህ ብክነት አይደለም። ለፖስታ ካርድና ለጎላ ህትመት 600 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የወረቀቱን ጭረት ነው የምታጎላው። በግራጫ፣ በ16 ቢት፣ በቲፍ (ምስሉን በማይጨምቅ የፋይል ዓይነት) አስቀምጠው፤ 24 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ስካነሩ «ማሳመሪያ» እና «አቧራ ማጥፊያ» የሚለውን አጥፋው፤ የብሎን ጭንቅላትን አቧራ ነው ብሎ ይደመስሰዋል። ጀርባውን በቀለም ስካን አድርግ፣ የእርሳስና የማኅተም ልዩነት እንዲታይ። ቴሌግራም ላይ ስትልከው «እንደ ፋይል» ብለህ ላክ፣ አለበለዚያ ያንን ሁሉ ሥራ ጨምቆ ይጥልብሃል።

ስልክ ለጀርባው ጽሑፍ ያገለግላል። ክፍሉን አጨልመህ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል ዝቅ አድርገህ ስታበራ የተደመሰሰ የእርሳስ ጽሑፍ ቦዩ ይወጣል።

ጅሬን ማዶ
ቀለም የተቀባችው ላይ አረንጓዴ ናት፣ ይህ ምንም አይጠቁምም?

ጨለማ ክፍል
ምንም። ማሽኑ ታንክ ሲያይ አረንጓዴ ይቀባል፣ በቃ። እንዲያውም ጥቁርና ነጩም ቢሆን በቀለም ነገር አይታመንም። የዚያን ጊዜ ብዙ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም ነበር፤ ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ወደ ነጭ ይጠጋል። የኢትዮጵያ ባንዲራ በአንዳንዱ ፎቶ የታችኛው መስመር ጠቁሮ የምታዩት ለዚህ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር ያነሳቸው የመስታወት ፎቶዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ፤ ለሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ሰማዩ ሁሉ ባዶ ነጭ ነው። መድፍ ቁልጭ ብሎ ሰው ግን የሚደበዝዘው መጋለጫው ሰከንዶች ስለሚፈጅ ነው።

ሄርማታ
ስካኑ ደርሷል፣ እንደ ፋይል ጭኜዋለሁ። ሙጫው አራቱ ጥግ ላይ ብቻ ስለነበር ክሩ አላቆታል። ጀርባው ላይ ያለው ሙሉ ቁጥር፦ መስቀለኛ፣ ቋሚ መስመር፣ መስቀለኛ። ከሱ በፊት «ጂማ» በጣሊያንኛ ፊደል ተጽፏል።

ብሎን ፈቺ
አይቼዋለሁ። የፊት ላሜራው መጋጠሚያ ላይ ባለ ማዕዘን ብሎኖች በሰልፍ ቆመዋል፤ ሲ ቪ 35 ናት። የጭነት መኪናው ሰሌዳ ላይ ያሉት ቁጥሮች ወደ ኋላ ናቸው፣ በመስታወት ሲታዩ ቀጥ ይላሉ። የጨለማ ክፍል ነገር ተረጋገጠ። የራዲያተሩ አርማ በጭቃ ስለተሸፈነ ፊያት ወይም ላንቻ ብዬ አልፈርምም፤ አሁን ዓመቱ ስለታወቀ ሁለቱም ያስኬዳሉ።

የታሪክ ጓዳ
19 ሆነ እንግዲህ። ከጥቅምት 1933 ወዲህ ማለት ነው። ጅማ ከጣሊያን የተለቀቀችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል በቁጥሩ ብቻ። ነገር ግን በፋሺስት ዘመን ቀን የሚጽፍ ማን ነው? አርበኛ አይደለም፣ እንግሊዝም አይደለም። የጣሊያን እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከሰኔ 14 በፊት ወደሚለው አመዝናለሁ። ስለዚህ «1928» ብቻ ሳይሆን «የማረኩት» የሚለውም ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ጅሬን ማዶ
እዚህ ላይ አልስማማም። በደጃዝማች ገረሱ ዱኪ የሚመሩት አርበኞች ያንን አካባቢ ለጣሊያን እሳት አድርገውበት ነበር። ተማርካ ሊሆን ይችላል። ሰዎቹም የፀሐይ ባርኔጣ እንጂ የጣሊያን የብረት ቆብ አላደረጉም።

ሳጅን
የአርበኞቹን ሥራ የሚክድ የለም፤ ይህች ፎቶ ግን የምትመሰክረው ለሌላ ነገር ነው። የፀሐይ ባርኔጣ ጣሊያኑም፣ ከእንግሊዝ ጋር የዘመተው ደቡብ አፍሪካዊውም ያደርገው ነበር። የጣሊያኑ ግንባሩ ላይ ክብ ኮካርዳ (የባንዲራው ቀለም ያለበት ምልክት) እና የክፍሉ አርማ አለበት፤ ስካኑ ላይ በመካከለኛው ሰውዬ ባርኔጣ ላይ ክቡ ይታያል። ጠመንጃውንም እዩት፦ በስተግራ ያለው ሰው የያዘው አፈሙዙ ከእንጨቱ ወደፊት ወጥቷል፣ የጣሊያኑ ጠመንጃ ካርካኖ ነው። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቢሆን እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ይደርስና አፍንጫው ድፍን ይሆናል፣ ከቃታው ፊትም ባለ 10 ጥይት ካዝና ወደ ታች ይወጣል። ካርካኖ አርበኞችም እጅ በብዛት ነበር፣ ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም፤ ከኮካርዳው ጋር ግን ይፈርዳል።

የተማረከች ወይም የተጣለች ሲ ቪ ሌላም ምልክት አላት። መትረየሶቹ መጀመሪያ ይነቀላሉ፣ ቦታው ክፍት ቀዳዳ ይሆናል። ማራኪው ከተጠቀመባት ደግሞ የራሱን ምልክት በትልቁ ይቀባል፣ ወገኑ እንዳይመታት። በጥር 1941 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ውስጥ ጦብሩቅ ላይ አውስትራሊያውያን በማረኳቸው የጣሊያን ታንኮች ላይ ነጭ ካንጋሩ የሳሉት ለዚሁ ነው። ያንተዋ መትረየሶቿ በቦታቸው ናቸው፣ ምልክትም የላትም።

ቡና ተራ
ስለዚህ ምን ብለን እንጻፍባት?

የታሪክ ጓዳ
«የጣሊያን ሲ ቪ 35፣ ጅማ (በጀርባው ጽሑፍ መሠረት)፣ ከጥቅምት 1933 እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ሳይሆን አይቀርም፤ ዋናው ህትመት ቀኝና ግራው የተገለበጠ።» የቦታውን ስም «በጀርባው ጽሑፍ መሠረት» ማለት አይቅር፤ ከኋላ የሚታይ ሕንፃ ስለሌለ ጅማ መሆኗን የሚናገረው እርሳሱ ብቻ ነው።

ጨለማ ክፍል
ፋይሎቹን ሦስት አድርጋቸው፦ እንደታተመው፣ ወደ ትክክለኛው የተገለበጠው፣ ጀርባው። የመጀመሪያውን ፈጽሞ አትነካካው፣ ስሙ ላይም «እንደታተመ» በል፤ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ አንዱ መጥቶ የተስተካከለውን መልሶ ይገለብጠዋል። ዋናዋ ወደዚያ ጥቁር ካርቶን አትመለስ። አሲድ በሌለው የወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ከግድግዳና ከወለል ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ፖስታ ውስጥ እንዳታስገባት፣ ክረምት ሲመጣ ፊቷ ላይ ይጣበቃል።